ለመጀመሪያ ጊዜ ውጭ ላድር ነው፣ ፍራሽ የግድ ነው?

ሰላም ጓዶች፣ ከጓደኞቼ ጋር በእግር ወጥተን ድንኳን ውስጥ ልናድር ነው፣ ቦርሳና ስሊፒንግ ባግ (ውስጡ ገብተው የሚተኙበት ከረጢት) አለኝ ግን ፍራሹን ብተወውስ? ሸክም እንዳይበዛብኝ ብዬ ነው፣ ብርድ ደግሞ ጭራሽ አይሆንልኝም፣ የምታውቁ እባካችሁ እህታችሁን ምከሩኝ

መልስ፦ ኧረ እንዳትተዪው! ስሊፒንግ ባጉ ከስርሽ ስለሚጨፈለቅ የሚያሞቅሽን አየር አይዝም፣ ሙቀትሽን መሬቱ ነው የሚወስደው። ፍራሹ ላይ አር ቫልዩ የሚል ቁጥር አለ፣ ከፍ ባለ ቁጥር ብርድ ይከላከላል፣ ላንቺ 4ና ከዛ በላይ ቢሆን ይሻላል። ስሊፒንግ ባጉም ላይ ሁለት ዓይነት የሙቀት ቁጥር ተጽፎ ታያለሽ፣ ኮምፈርት (ተመችቶሽ የምትተኚበት) የሚለውን እይ፣ ሊሚት የሚለው ኩርምት ብሎ ለማደር ነው፣ እሱን አምነሽ እንዳትወጪ

መልስ፦ ሸክሙን ከሌላ ቦታ ቀንሺ፣ ትርፍ ልብስ ምናምን። ጠቅላላው ከሰውነትሽ ክብደት 20 ፐርሰንት ባያልፍ ጥሩ ነው። ከባዱን እቃ መሀል ላይ ከጀርባሽ አስጠግተሽ አድርጊው፣ ስትለብሺው መጀመሪያ የወገቡን ቀበቶ ዳሌ አጥንትሽ ላይ እሰሪ ከዛ የትከሻውን ሳቢ፣ ትከሻሽ ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ ግን ማታ አንገትሽን ማዞር ያቅትሻል። የጥጥ ልብስ ይቅርብሽ፣ በላብ ከራሰ ቶሎ አይደርቅም፣ ለመኝታ ደረቅ ካልሲ ለብቻ በፌስታል ቋጥረሽ ያዢ

ጠያቂ፦ ተባረኩ! ከወንዝ የምንቀዳውን ውሃስ?

መልስ፦ አፍልታችሁ ጠጡ፣ በደንብ ከተንፈቀፈቀ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከ2000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ 3 ደቂቃ። ስቶቩን ግን በምንም ተአምር ድንኳን ውስጥ እንዳትለኩሱት፣ ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ሳይታወቃችሁ ይገድላል