«ዕዳ»፣ «በደል»፣ «አበሳ»፦ አባታችን ሆይ ውስጥ ያለው የትኛው ነው?

ሳቢያን ሱቅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ስለ አንድ ቃል ነው። ግን ከሱቅ ስለሚጀምር ታገሱኝ።

እናቴ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ትንሽ ሱቅ አላት። ከጠረጴዛው ስር አንድ ሰማያዊ ደብተር አለ። ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ የሕፃን ወተት፤ የሰፈሩ ዱቤ በሙሉ እዚያ ነው። ግድግዳው ላይ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ» የሚል ተለጥፏል። የሚያነበው የለም። ባለፈው እሑድ ቸርች ውስጥ ሰባኪው «በጌታ ጸሎት ላይ 'በደላችንን' የምንለው በመጀመሪያው ቋንቋ 'ዕዳችንን' ነው» አለ። ሰኞ ጠዋት አንዷ ደንበኛ መጣችና «እማማ፣ ትናንት ሰምተሻል አይደል? ገጹ ይቀደድ!» ብላ ሳቀች። እናቴ አልሳቀችም።

ሰባኪው ልክ ነው? ልክ ከሆነ የኛ መጽሐፍ ለምን «በደል» አለ?

የቅኔ ቤት ኩብለላ፦
ልክ ነው። ማቴዎስ 6፥12 ላይ ያለው የግሪክ ቃል የገበያ ቃል ነው። ተበድረህ ያልከፈልከው ነገር ማለት ነው። ጌታ ይናገርበት በነበረው በአረማይክ ደግሞ «ሖባ» የሚባል ቃል አለ፤ ዕዳም ነው፣ ኃጢአትም ነው። ሉቃስ 11፥4 የበለጠ ይገርማል። «ኃጢአታችንን ይቅር በለን» ብሎ ይጀምርና፣ ይቅር የምንላቸውን ሰዎች ግሪኩ የሚጠራቸው «የኛ ዕዳ ያለባቸው» ብሎ ነው። አማርኛው እዚያም «የበደሉንን» አለ።

የኛው መንገድ በግዕዝ በኩል የመጣ ይመስለኛል። ግዕዙ «ኅድግ ለነ አበሳነ ወጌጋየነ» ነው የሚለው። አበሳ በደል፣ ጌጋይ ስሕተት ማለት ነው። ገንዘብ የሚሸት ነገር የለበትም። የሚገርመው «አበሳ» ወደ አማርኛ ሲሻገር የደረሰበት ነው። አሁን «አበሳዬን አየሁ» ስንል በደሌን አየሁ ማለታችን አይደለም፤ መከራዬን ማለታችን ነው። ከበደሉ ተነስቶ ወደ ቅጣቱ ሄደ። «ፍዳ»ም እንደዚሁ ነው። ግሱ ፈደየ ነው፤ ከፈለ፣ መለሰ። «ፍዳዬን በላሁ» የሚል ሰው ሳያውቀው የሒሳብ ቋንቋ እያወራ ነው።

ሌላው የግዕዝ ቃል «ለቅሐ» ነው፤ አበደረ። አማርኛ ጥሎታል። ትግርኛ ግን ዛሬም ብድርን «ልቓሕ» ይላል።

ቀፊራ፦
አቦ እኛ ሰፈር በኦሮምኛ «ሊቂ» ነው የሚባለው! ዕዳውን ደግሞ «ኢዳ» ይሉታል። ሶማሌ ጎረቤቶቼ «ደይን» ይላሉ፤ ከዓረብኛው ነው። ቀፊራ ገበያ አንድ ጠዋት ከቆምክ በሦስቱም ስትጠየቅ ትሰማለህ። የሚያስደነግጠው በሦስቱም እኩል ነው።

ምድር ባቡር፦
እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ ጊዜ አለኝ፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

መጀመሪያ «ብድር» እና «ውሰት» ይለዩ። ድስት ትዋሳለህ። ብር ትበደራለህ። የተዋስከውን ያንኑ ድስት ትመልሳለህ። የተበደርከውን ብር ግን በልተኸዋል፤ የምትመልሰው ሌላ ብር ነው። ልጆች አሁን «ብር አውሰኝ» ሲሉ እሰማለሁ። ምናልባት ለስለስ እንዲል ነው።

ሁለተኛ፣ «ብድር» ሁልጊዜ ክፉ ቃል አይደለም። የረዳህን ሰው «ብድሩን ይክፈልህ» ትለዋለህ፤ ከፋዩ እግዚአብሔር ነው። ምሳሌ 19፥17ን እዩት፤ ለድሃ የሚራራ ለእግዚአብሔር ያበድራል ይላል። የምርቃታችን ሐሳብ እዚያው ነው ያለው። «ብድር በምድር» ደግሞ ሁለት ፊት አለው። ደግ ሠርተህ ከሆነ ተስፋ ነው፤ ክፉ ሠርተህ ከሆነ ማስፈራሪያ ነው።

«ዕዳ» ግን ጥሩ ፊት የለውም። «ዱብ ዕዳ» ሳታስበው ላይህ ላይ የሚወርድ ነው። «ያባት ዕዳ ለልጅ፣ ያፍንጫ እድፍ ለእጅ» ደግሞ ማምለጫ የለውም። ፈገግ የሚያሰኘው አንዱ ብቻ ነው፤ «እዳው ገብስ ነው»። ቀላል ነው፣ አትጨነቅ ማለት ነው። አባቴ ሲያስረዳን፣ የጤፍ ዕዳ ያለበት ይጨነቅ፣ ገብስ ግን ርካሽ ነው፣ ቶሎም ይደርሳል ይል ነበር።

ሐረርጌ ማሽላ፦
ጋሼ፣ «አንተ» ብልህ ቅር እንዳይልህ፣ የድሬ ልማድ ነው። ግን ያ አባባል የደጋ ሰው ነው። ሐረርጌ ላይ ቢፈጠር ኖሮ «እዳው ማሽላ ነው» ነበር የሚባለው። ማሽላ ደግሞ ስንት ወር ታስጠብቃለች፤ አባባሉ አይሠራም ነበር ሃሃ።

አንድ የሰዋስው ነገር ልጨምር። «ቤት አለኝ» እንላለን። «ዕዳ አለብኝ» እንላለን። ልዩነቱ ያቺ «ብ» ናት። የሚጫነንን ነገር ሁሉ በሷ ነው የምናስቀምጠው። ዘነበብኝ፣ ሞተብኝ፣ ጠፋብኝ። እዚህ ላይ ቆም በሉ፦ «መሄድ አለብኝ» ስንልም ያችው «አለብኝ» ናት። አማርኛ ግዴታን የሚናገረው በዕዳ አፍ ነው። ሱቅ ሄደህም «ጻፍብኝ» ነው የምትለው።

ቀፊራ፦
ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል የሚሄዱት ጎረቤቶቼም «ስለት አለብኝ» ነው የሚሉት። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ግን በዚያ ሰሞን የድሬ መንገድ ሁሉ ዕዳ ከፋይ ሆኖ ነው የሚታየኝ።

በሞባይል ስለሚገኘው ብድርም አንድ ነገር። ቴሌብር ላይ አንዱ «መላ» ይባላል፣ ሌላው «እንደኪሴ»። ስሙን ያወጣው ሰው አማርኛ ጠንቅቆ ያውቃል። «ብድር» የሚለው ድምፅ የትም የለም። እንደኪሴ! የኔ ኪስ ቢሆን ኖሮ ባልመለስኩ።

ምድር ባቡር፦
ኪስ ካነሳን የአገርም ኪስ አለ። ታኅሣሥ 2016 ላይ ኢትዮጵያ የአንድ ቢሊዮን ዶላሩን ዩሮቦንድ (ከውጭ ገበያ የተበደረችበትን ሰነድ) ወለድ፣ 33 ሚሊዮን ዶላር፣ ሳትከፍል ቀረች። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ተባለ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። የዚያን ሰሞን ዜና ላይ የሰለቸኝ ቃል «የዕዳ ሽግሽግ» ነው። ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ «ሸግሸግ በሉ» ሲል ማን ይወርዳል? ማንም አይወርድም። ጠጋ ጠጋ ይባልና ሌላ ሰው ይጨመራል። ዕዳውም እንደዚያው ነው። መውረድ ከተባለ «ስረዛ» ነው። እሱም ታይቷል፤ በ1996 ኢትዮጵያ የከባድ ዕዳ አገሮች የተባለውን መርሐ ግብር ጨርሳ ብዙ ዕዳ ተሰርዞላታል።

የድሃ አገሮች ዕዳ ይሰረዝ የሚለውን ዘመቻ ዓለም ላይ ይገፉ የነበሩት አብያተ ክርስቲያናት ቃሉን ከኦሪት ነው የወሰዱት፤ ኢዮቤልዩ። ዘሌዋውያን 25። በ50 ዓመት አንዴ መሬት ለባለቤቱ ይመለሳል፣ የተሸጠ ሰው ነፃ ይወጣል። እኛ ጋ ቃሉ ምን ሆነ? «የብር ኢዮቤልዩ»፣ «የወርቅ ኢዮቤልዩ»። ኬክና ቲሸርት። መሬትም አይመለስ፣ ዕዳም አይሰረዝ።

ሳቢያን ሱቅ፦
ጋሼ ይቺን ለሰባኪያችን ልወስዳት ነው።

ግን የሚያስጨንቀኝን ልንገራችሁ። ኑሮ ከተወደደ ወዲህ ስለ ዕዳ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ። ሁሉም የሚዞረው ሮሜ 13፥8 ላይ ነው፤ «ለማንም ዕዳ አይኑርባችሁ»። ተበዳሪው ይወቀሳል፣ አስብ ይባላል፣ ቆጥብ ይባላል። እሺ። የደብተሩን ግማሽ ገጽ የያዘው ግን የሕፃን ወተት ነው። ቆጥበው ነው ልጁን የሚያስርቡት?

የቅኔ ቤት ኩብለላ፦
ወንድሜ፣ እኔም ብዙ ጊዜ ያልገባኝ ይሄ ነው። መጽሐፉ ስለ ዕዳ ሲናገር ብዙውን ጊዜ ጣቱን የሚቀስረው ወደ አበዳሪው ነው። እውነት ነው፣ መዝሙር 36 (በሌላው አቆጣጠር 37) ተበድሮ የማይከፍለውን ኃጥእ ይለዋል። መዝሙር 14 (በሌላው 15) ግን በጌታ ድንኳን ማን ይኖራል ብሎ ይጠይቅና፣ ገንዘቡን በአራጣ የማያበድር ይላል። አራጣውን ግዕዙ «ርዴ» ይለዋል። ዘዳግም 15 በሰባተኛው ዓመት ይተዉ የሚለው አበዳሪዎችን ነው። 2ኛ ነገሥት 4 ላይ የመበለቷን ልጆች ለባርነት ሊወስድ የመጣው አበዳሪ ነው፤ ኤልሳዕ እሷን «ለምን ተበደርሽ» አላላትም።

ነህምያ 5 ደግሞ ልክ የዛሬን ወሬ ይመስላል። ሰዎች እርሻቸውን፣ ወይናቸውን፣ ቤታቸውን ለእህል ያስይዛሉ። ለንጉሡ ግብር ይበደራሉ። ልጆቻቸው ባሪያ ይሆናሉ። ነህምያ ሰምቶ ተቆጣ ይላል። የተቆጣው በማን ነው? በታላላቆቹና በሹማምንቱ። እርሻውን ዛሬውኑ መልሱላቸው አላቸው። እሱም ከወንድሞቹ ጋር ሲያበድር እንደነበር አልደበቀም፤ ይህን ወለድ እንተው ሲል ራሱንም ጨምሮ ነው። ይሄ ምዕራፍ ላይ ሲሰበክ የሰማ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

ምድር ባቡር፦
እኔ አልሰማሁም። አበዳሪዎቹ ፊት ወንበር ላይ ስለሚቀመጡ ይሆናል።

«ወለድ»ን ግን አትለፉት። ከወለደ ነው። ብር ብርን ወለደ። ሕጋችንም ያዋልደዋል፤ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ለሰው ሲያበድር በዓመት ከ12 በመቶ አይለፍ ይላል። ያለፈው «አራጣ» ነው። ደግሞ ምሳሌ 22፥7ን በአማርኛ አንብቡት፤ «ባለጠጋ ድሆችን ይገዛል፥ ተበዳሪም የአበዳሪ ባሪያ ነው»። ይገዛል! ይነግሥባቸዋል ነው ወይስ ከገበያ ይገዛቸዋል? በአማርኛ ሁለቱም አንድ ነው። ይቺ ቅኔ ናት።

ቀፊራ፦
በቁርኣንም አል-በቀራ 280 ላይ ተበዳሪው ከቸገረው እስኪያገኝ ጠብቁት፣ ብትምሩት ደግሞ ይሻላችኋል ይላል። ሁለት አንቀጽ አልፎ ግን ዕዳን ጻፉት ይላል። ስለዚህ ደብተሩ ይኑር፣ እናትህ አታጥፋው።

ሐረርጌ ማሽላ፦
ማቴዎስ 18ን የረሳችሁት ለኔ ትታችሁልኝ ነው። ንጉሥ የባሪያውን ዕዳ የማረበት ምሳሌ ነው፤ ዕዳው «እልፍ መክሊት»። እልፍን ዛሬ «ስፍር ቁጥር የሌለው» እንለዋለን፤ በቁሙ ግን 10,000 ነው። አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ነው፤ አንድ ዲናር የአንድ ቀን ደመወዝ። አባዙት፦ 60 ሚሊዮን የሥራ ቀን። ያለ አንድ ቀን እረፍት ከ160 ሺህ ዓመት በላይ ማለት ነው። ይሄ የግለሰብ ዕዳ አይደለም፤ የአገር ዕዳ ነው። ንጉሡ ይሄን ማረው።

ያ የተማረው ባሪያ ደግሞ ጓደኛውን አልምርም ያለበት ዕዳ መቶ ዲናር ነው። ሰባኪዎች «ሳንቲም ናት» ይላሉ። አይደለችም። የመቶ ቀን ደመወዝ ነው፤ ከሦስት ወር በላይ! ያንን መማር ያማል። ቢያምም ነው የተጠየቀው።

ሳቢያን ሱቅ፦
መቶ ዲናሩን ሳስብ አደርኩ። የእናቴ ደብተር ውስጥ እልፍ መክሊት ያለበት የለም። ሁሉም መቶ ዲናር ነው። የምታመጣውም ዕቃ በዱቤ ነው፤ አከፋፋዩ ደግሞ ዶላር ጨመረ ይላታል። እሷም ባለ ዕዳ ናት።

ትናንት ማታ ደብተሩን ይዛ ቁጭ ብላ አገኘኋት። የአንዲት ጎረቤታችን ገጽ ላይ ነበረች። ባሏ ሥራ ካቆመ ወራት አልፏል። 2,340 ብር። እናቴ በእስክሪብቶ ከላይ እስከ ታች አንድ ረጅም መስመር ሳበች። «ሰረዝሽው እንዴ?» አልኳት። «አልሰረዝኩም» አለች፤ «ተውኩላት»። ቀጥላ ለሰው እንዳትነግር አለችኝ። የሰውየዋን ስም ስላላወጣሁ እዚህ ብጽፈው አይቆጠርም።

ሐረርጌ ማሽላ፦
«ተውኩላት»! አያችሁ? «ጻፍኩባት» ነበረች፤ «ብ» ወጥታ «ል» ገባች።

የቅኔ ቤት ኩብለላ፦
እኔ አሁን አፈርኩ። ላይ «ኅድግ ለነ አበሳነ ወጌጋየነ»ን ስጠቅስ አበሳውንና ጌጋዩን ተነተንኩ። የመጀመሪያውን ቃል ዘለልኩት። ኀደገ ማለት ተወ ማለት ነው። «ኅድግ ለነ» ቃል በቃል «ተውልን» ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ደግሜዋለሁ። እናትህን ሰላም በልልኝ።

ምድር ባቡር፦
ያቺ «ገጹ ይቀደድ» ያለችውስ?

ሳቢያን ሱቅ፦
የሷ ገጽ አለ ጋሼ። ሐሙስ ዕለት ግማሹን ከፍላለች።