በዘመቻ ሙሴ ማግስት ተለያይተው ስለቀሩ ቤተሰቦች

ጥያቄ፦
ቤተ እስራኤልን (የኢትዮጵያ አይሁዶችን) ከሱዳን በስውር በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ያጓጓዘው ዘመቻ ሙሴ ወሬው ወጥቶ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም. ሲቋረጥ፣ በሱዳን በኩል እስራኤል የገቡ ብዙ የቤተ እስራኤል ልጆች ወላጆቻቸው ጎንደር ቀርተውባቸዋል። ደርግ የመውጫ ቪዛ በቀላሉ በማይሰጥበት በዚያ ዘመን ተሟጋቾቻቸው መንግሥታትን በምን መከራከሪያ አሳመኑ? ዛሬም አቤቱታ የሚጽፉ ቤተሰቦችን ስለማግዝ፣ ከዚያ የሚቀሰም ካለ ብታካፍሉኝ ውለታችሁን አልረሳም።

የመጀመሪያ ምላሽ፦
ጉልበት የነበረው መከራከሪያ ቤተሰብን መልሶ ማገናኘት ነው። «ሕዝቡ ይውጣ» ቢባል ለደርግ የፖለቲካ ጥያቄ ይሆንበታል፤ «ይህች እናት ከዚህ ልጇ ጋር ትገናኝ» ሲባል ግን እምቢታው ራሱ ያሳፍራል። ኢትዮጵያና እስራኤል በ1982 ዓ.ም. ግንኙነታቸውን ካደሱ በኋላ ሕጋዊው መውጫ የተከፈተው በዚሁ ስም ነበር። ሆኖም መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የጦር መሣሪያ ይሹ ስለነበር ፈቃዱ ይላላና ይጠብቅ ነበር፤ ከጎንደር አዲስ አበባ የወረዱት ሺህዎችም በኪራይ ቤት ተጨናንቀው ጠበቁ። በመጨረሻ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ (አባትየው) የቀድሞውን ሴናተር ሩዲ ቦሽዊትዝን ልከው ካደራደሩ፣ እስራኤልም 35 ሚሊዮን ዶላር ከከፈለች በኋላ፣ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰዎች ወደ እስራኤል ተጓጓዙ።

ሁለተኛ ምላሽ፦
ከላይ የተጻፈው እውነት ነው፤ እኔ ከቤታችን ያየሁትን ልጨምር። ታላቅ ወንድሜ በ1976 ዓ.ም. በእግሩ ሱዳን ወጥቶ በኋላ ድምፁን በካሴት ቀድቶ ላከልን። እናቴ ያንን ካሴት ለመስማት ያለቀውን የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ታሰጣው ነበር፤ ትንሽ ነፍስ ሲዘራ «እማዬ» የሚለውን ቃል ብቻ ሰምታ ታጠፋዋለች። ማመልከቻችን ግን አንድ ቢሮ ደርሶ ተመለሰ፤ ምክንያቱ ወንድሜ እዚያ ሲመዘገብ የዕብራይስጥ ስም ስለተሰጠው እኛ የጻፍነው ስም ከመዝገቡ ጋር አለመግጠሙ ነበር። እባክዎ፣ በሚያዘጋጁት አቤቱታ ላይ የሰውየውን የቀድሞ ስም፣ አዲሱን ስም፣ የአባትና የአያት ስም፣ የተወለደበትን መንደርም ጎን ለጎን ያስጽፉ። እኛ ይህን ሳናውቅ ዓመት አልፎብናል።

ሦስተኛ ምላሽ፦
አንድ ልዩነት ልብ ይበሉ፤ ያኔ በሩን የያዘው የመውጫ ፈቃድ ነበር፣ ዛሬ ግን የሚጠበቀው የእስራኤል መንግሥት የመግቢያ ውሳኔ ነው። በ2013 ዓ.ም. «ጹር እስራኤል» በተባለው ዘመቻ 2,000 ያህል ሰዎች ሲገቡ ቅድሚያ የተሰጠው እዚያ የቅርብ ዘመድ ላላቸው ነበር። ስለዚህ ማመልከቻው እዚያ ባለው ልጅ ወይም ወላጅ በኩልም ቢቀርብ፣ ሁለቱ ወረቀቶችም ሳይጋጩ አንድ ቢናገሩ ይሻላል።