«ቅናሽ አደረገልኝ» ማለት ምን ማለት ነው?

የጎንደሩ መምህር፦ ትናንት ማታ በዚሁ ቡድን ውስጥ አንድ ወንድማችን እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ለልጄ የትምህርት ቤት ጫማ ልገዛ ሄጄ በደረሰኝ 2,300፣ ያለ ደረሰኝ 2,000 አሉኝ። ያለ ደረሰኝ ወሰድኩ። ነጋዴው ደግ ሰው ነው፣ 300 ብር ቅናሽ አደረገልኝ።» ከሥሩ ደግሞ ሰው ሁሉ ተሰልፎ «ጎበዝ» አለው። ሌሊቱን ሲከነክነኝ አደረ። የእኔ ደመወዝ ግብሩ ተቆርጦ ነው እጄ የሚገባው። «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። ቫት፣ ዕቃ ሲሸጥ በዋጋው ላይ የሚጨመረው 15 በመቶ ታክስ፣ ከተጀመረ ከታኅሣሥ 1995 ወዲህ ስንት ዓመት ሆነው? «ደረሰኝ ካልተሰጠዎት አይክፈሉ» የሚለው ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ ከማስታወቂያው ሥር ቆሞ ነው ሰውየው ሁለት ዋጋ የሚጠራው። ቅናሽ ማለት ነጋዴ ከራሱ ትርፍ ላይ የሚያነሳው ነው። ይህ ሰው ከራሱ ምን አነሳ?

ባለ ሦስት ልጆች፦ ጫማውን የገዛሁት እኔ ነኝ። መምህር፣ እርስዎን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ወንጀለኛ አያድርጉኝ። መስከረም ሲመጣ ደብተሩ፣ ዩኒፎርሙ፣ ቦርሳው በአንድ ጊዜ ነው የሚወርድብኝ። ለሦስቱም ልጆቼ እንዲህ ብገዛ 900 ብር አተርፋለሁ። ከኪሴ ሳይወጣ የቀረ ገንዘብ ቅናሽ ካልተባለ ምን ይባላል?

አራዳው፦ እንዲያውም ተታልለሃል። 15 በመቶ በ2,300 ላይ ሲሰላ 345 ብር ነው። እርሱ የቀነሰልህ 300 ነው። 45 ብር በልቶብሃል።

የሂሳብ ባለሙያዋ፦ ወንድሜ አራዳው፣ ይህን ስሌት በየቀኑ እሰማዋለሁ፤ ስህተት ነው። 15 በመቶ የሚሰላው ታክሱ ሳይጨመር ባለው ዋጋ ላይ ነው። የ2,000 ብር 15 በመቶ 300 ነው፣ ድምሩ 2,300። ታክሱን ካካተተ ዋጋ ውስጥ ቫቱን ለማውጣት ለ1.15 ታካፍላለህ። 2,300 ለ1.15 ሲካፈል 2,000 ይመጣል። በጠቅላላው ዋጋ ውስጥ ያለው የቫት ድርሻ ወደ 13 በመቶ ነው እንጂ 15 አይደለም።

አራዳው፦ 15 በመቶ ካሉ 15 በመቶ ነው። አዋጁ ላይ 13 የሚል ቁጥር የለም።

የሂሳብ ባለሙያዋ፦ አዋጁ ላይ ያለው 15 ትክክል ነው፤ ያንተ መነሻ ነው የተሳሳተው። ደረሰኙን ብታየው ሦስት መስመር አለው፦ ዋጋ፣ ታክስ፣ ድምር። 15 በመቶው የሚሰላው በመጀመሪያው መስመር ላይ ነው።

ነጋዴ ከመርካቶ፦ እኔ በደረሰኝ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ፤ ስለዚህ የሁላችሁንም ስድብ ሳልበድል እቀበላለሁ። አንድ ነገር ግን ስሙኝ። አጠገቤ ያለው ሱቅ ለቫት አልተመዘገበም። በአዲሱ አዋጅ፣ በ1341/2016፣ መመዝገብ ግዴታ የሚሆነው ዓመታዊ ሽያጭ ሁለት ሚሊዮን ብር ሲደርስ ነው። እርሱ ከዚያ በታች ነኝ ብሏል። ያው ጫማ፣ ያው ቁጥር፣ ያው ቀለም እርሱ ዘንድ 2,000፣ እኔ ዘንድ 2,300 ነው። ደንበኛው እኔን ያያል፣ «ውድ ነህ» ብሎኝ ይሄዳል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ «ያለ ደረሰኝ አድርግልኝ» ብሎ ይለምነኛል። መምህር፣ ሁለቱን ዋጋ ሁልጊዜ የሚጠራው ነጋዴው አይደለም። ብዙ ጊዜ ገዢው ነው።

የጎንደሩ መምህር፦ የለመነህን ሁሉ ታደርጋለህ? ብትከለክለው ምን ይመጣብሃል?

ነጋዴ ከመርካቶ፦ ገበያ ይሄድብኛል። እርስዎ ተማሪው ቢቀርም ባይቀርም ደመወዝዎ ይገባል።

የጎንደሩ መምህር፦ ስለ ደመወዜ የምትለውን ተወው። ስለ ቅናሽ ነው ያነሳሁት።

የሂሳብ ባለሙያዋ፦ እስቲ ያንን «ቅናሽ» የተባለውን ነገር በቁጥር እንየው። ጫማው ለነጋዴው ከነታክሱ በ1,840 ብር ገብቷል እንበል፤ 1,600 ዋጋ፣ 240 ቫት። በደረሰኝ በ2,300 ቢሸጠው 300 ብር ቫት ይሰበስባል፣ ዕቃውን ሲገዛ የከፈለውን 240 ያወራርዳል፣ ማለት ከ300ው ላይ ይቀንሳል፣ 60 ብር ለመንግሥት ያስገባል። ትርፉ 400 ብር ነው። ያለ ደረሰኝ በ2,000 ከሸጠውና የ240ውን ደረሰኝ ካላወራረደ ግን ትርፉ ወደ 160 ይወርዳል። ታዲያ ከ400 ወደ 160 የሚወርድ ነጋዴ አይታችኋል? ስለዚህ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ዕቃውን ሲያስገባም ያለ ደረሰኝ ነው ያስገባው፤ ወይ ደግሞ ያንን 240 ብር በሌላ በደረሰኝ በሸጠው ዕቃ ላይ ያወራርደዋል። ሁለተኛውን ካደረገ 400 ብሩ ሳይነካ ኪሱ ውስጥ አለ፤ በላዩ ላይ ሽያጩ ስላልተመዘገበ የትርፍ ግብር አይከፍልበትም። ባለ ሦስት ልጆች፣ ወንድሜ፣ የሰጠህ ከራሱ አይደለም። አንተ 300 ስታተርፍ እርሱም 400ውን ሳይነካ የትርፍ ግብሩን ያተረፈበት መንገድ አለ።

ባለ ሦስት ልጆች፦ እህቴ፣ ሂሳቡን ተረድቻለሁ፤ አመሰግናለሁ። ግን ሁላችሁም የምትዘሉት ነገር አለ። በደረሰኝ ብገዛ 300ው መንግሥት ዘንድ እንደሚደርስ ማን ዋስ ይሆነኛል? ሐሰተኛ ደረሰኝ እንደሚሸጥ እናንተም ታውቃላችሁ።

የጎንደሩ መምህር፦ «ዋስ የለኝምና አልከፍልም» ከሆነ እኔም ነገ ለልጅህ ሳላስተምር ልቅር?

ባለ ሦስት ልጆች፦ የእኔን ልጆች የሚያስተምራቸው የግል ትምህርት ቤት ነው፤ እርሱንም የምከፍለው እኔ ነኝ።

የሂሳብ ባለሙያዋ፦ በትምህርት ቤቱ ክፍያ ላይ ቫት የለም። በሕክምናም ላይ የለም። ሕጉ ለኑሮ ምንም አላሰበም እንዳትሉ ነው።

እናት ከጀሞ፦ አሰበ? በመብራት ላይስ? ድሮ ነፃ የነበረውን አዲሱ አዋጅ አስገባው።

የሂሳብ ባለሙያዋ፦ በወር እስከ 200 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም መኖሪያ ቤት አሁንም ነፃ ነው።

እናት ከጀሞ፦ እኔ እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ ጋግሬ የምሸጥ ሴት ነኝ። 200ው ለእኔ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። ሀብታም ስለሆንኩ አይደለም የበዛው፤ የምበላበት ሥራ ስለሆነ ነው። ይህን ማን ቆጠረው?

ከሪያድ፦ ከሩቅ ሆኜ ሳነበው የገረመኝን ልናገር። እዚህ ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ቫቱ ከእኛ ጋር እኩል 15 በመቶ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2020 አጋማሽ ድረስ 5 ነበር፤ በጁላይ በአንድ ጊዜ ሦስት እጥፍ አደረጉት። የሰው ቤት የማጸዳ ሴት ነኝ፤ ጭማሪው አቃጥሎኛል። ነገር ግን መደርደሪያው ላይ የተጻፈው ዋጋ የምከፍለው ዋጋ ነው። ታክሱ ውስጡ ነው። ሻጩ ሁለት ቁጥር ሊጠራልኝ አይችልም፤ አንድ ቁጥር ብቻ ነው የተጻፈው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እዚህ ሜሪላንድ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ታክሱ ዋጋው ላይ አይጻፍም፣ ሒሳብ ስትከፍል ነው 6 በመቶ የሚጨመረው። ከሱቅ የሚገዛ አብዛኛው የምግብ ሸቀጥ ነፃ ነው። ድንበሩን ተሻግሬ ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ ሬስቶራንት ከገባሁ 10 በመቶ እከፍላለሁ። ግን በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ ብሎ የሚጠይቀኝ የለም። ስለዚህ እህቴ ከሪያድ፣ ችግሩ ዋጋው ላይ መጻፉ አለመጻፉ አይመስለኝም።

ከሪያድ፦ አንተ ዘንድ ባይጻፍም ችግር የለም፤ ምክንያቱም ሁሉም ይመዘግባል። እኛ አገር ነጋዴው «ይህ ሲደመር ቫት» ማለት ስለለመደ ነው ቫቱ የሚነጠል፣ የሚቀነስ፣ የሚለመንበት ነገር የሆነው። አንድ ላይ ቢሆን ሰውዬው «ቅናሽ አደረገልኝ» የሚልበት ቀዳዳ አይኖርም ነበር።

የጎንደሩ መምህር፦ እጅሽ ይባረክ፤ ይኸው ነው የምለው። ቃሉ የተወለደው ከሁለቱ ዋጋ ነው።

አራዳው፦ ስለ ሬስቶራንት ከተነሳ፣ የእኛስ? 400 ብር የተጻፈ ጥብስ አዝዤ 506 ከፈልኩ። 10 በመቶ የአገልግሎት፣ 15 በመቶ ቫት፣ 25 በመቶ ማለት 100 ብር ነው። 6 ብሯ ከየት መጣች?

የሂሳብ ባለሙያዋ፦ አገልግሎቱ 40 ብር ይጨመርና 440 ይሆናል። ቫቱ በ440 ላይ ይሰላል፤ 66 ብር። ድምሩ 506። በሁለቱ አንድ ላይ የተጨመረብህ 26.5 በመቶ ነው።

አራዳው፦ ለአስተናጋጁ በምሰጠው ገንዘብ ላይም ቫት እከፍላለሁ ማለት ነው?

አስተናጋጅ የነበርኩ፦ ለአስተናጋጁ የሰጠህ መስሎህ ነው። እኔ አራት ዓመት በሠራሁበት ቤት ከዚያ 10 በመቶ ላይ ሙሉው ደርሶኝ አያውቅም። ደንበኛው «አገልግሎቱ ተቆርጧል» ብሎ ጉርሻውን ይተወዋል፤ የተቆረጠው ደግሞ የት እንደገባ የሚነግረን አልነበረም። ስለ 300 ብር ጫማ ይህን ያህል ስትከራከሩ ስለዚህ አንድ ሰው ቢናገር ደስ ይለኝ ነበር።

ነጋዴ ከመርካቶ፦ እውነቷን ነው። ወደ ጫማው ልመለስና፣ ባለ ሦስት ልጆች፣ ያ ጫማ በወሩ ሶሉ ቢገነጠል የትኛውን ወረቀት ይዘህ ነው የምትመልሰው?

ባለ ሦስት ልጆች፦ በደረሰኝ የገዛሁትን መፍጫ ልመልስ ሄጄ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ማህተም አሳይተውኛል። ደረሰኙ ራሱ ላይ ነው የታተመው። እንዳታስቁኝ።

ነጋዴ ከመርካቶ፦ እኔ ዘንድ እመልስልሃለሁ። ና፣ በደረሰኝ ግዛ።

ባለ ሦስት ልጆች፦ በስንት?

ነጋዴ ከመርካቶ፦ በ2,300።

ባለ ሦስት ልጆች፦ ጎረቤትህ 2,000 እያለ?

የጎንደሩ መምህር፦ አየህ፣ አሁንም ቅናሽ እየፈለግክ ነው።

ባለ ሦስት ልጆች፦ አዎ መምህር፣ እየፈለግኩ ነው። ሁለቱ ልጆቼ ገና የአምናውን ጫማ ነው ያደረጉት።

እናት ከጀሞ፦ የ200 ኪሎዋቱን ጥያቄዬን የመለሰልኝ የለም።