የሚያንጠባጥብ የፍሳሽ ቱቦ ያለ ስታኞ፦ ፋሻ፣ ኢፖክሲ ወይስ ጎማ?

መታጠቢያው ስር ባልዲ ደቅናችሁ ለምትኖሩ ይቺን ልጠቁም። የፍሳሽ ቱቦ እንደ መስመር ውሃ ግፊት የለበትም፤ ውሃው በራሱ ክብደት ነው የሚወርደው። ስለዚህ እሳትና ስታኞ (ቀልጦ ብረት የሚያጣብቀው) አያስፈልገውም።

መጀመሪያ የሚያፈሰውን ቦታ አግኙ። ቱቦውን አድርቁና በሶፍት ጠቅልሉት፣ ከዚያ ውሃ ልቀቁ። ሶፍቱ ቀድሞ የራሰበት ቦታ እሱ ነው። ጠብታውን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ። እኔ ታችኛውን ክርን (የቱቦውን መታጠፊያ) ሁለት ቀን ስጠቀልል ከርሜ፣ ለካ የሚያፈሰው ከላይ ያለው ዳዶ (መገጣጠሚያውን የሚያጠብቀው ቀለበት) ነበር!

ከመገጣጠሚያው ከሆነ አዲስ ጓርኒሲዮን (ዳዶው ውስጥ የሚገባው ጎማ) ይበቃል። ሾጣጣው ወገን ከዳዶው በተቃራኒ ይዙር። ብዙ ሰው ዳዶው የሚጠብቅበት ጥርስ ላይ ቴፍሎን ይጠቀልላል። እዚህ ግን ውሃውን የሚይዘው ጎማው እንጂ ጥርሱ አይደለም። የፕላስቲክ ዳዶ ከሆነ በእጅ አጥብቁ፣ በመፍቻ ትንሽ ጨምሩ፣ በቃ። ጉልበት ካበዛችሁ ይሰነጠቃል።

ቱቦው ራሱ ከተሰነጠቀስ? ራሱ ላይ የሚጣበቀው የሲሊኮን ፋሻ ለቀጥታ ቱቦ ፈጣን ነው። ሙጫ የለውም፤ በደንብ እየለጠጣችሁ፣ ግማሽ በግማሽ እየደረባችሁ ስትጠቀልሉት ይዋሃዳል። ሳይለጥጥ ጠቅልሎ «አይሠራም» የሚል አይጠፋም።

ለክርንና ለትንሽ ቀዳዳ ኢፖክሲ (ሁለት ቀለም ያለው፣ ታሽቶ የሚደርቅ ሙጫ) ይሻላል። ሁለቱ ቀለም አንድ እስኪሆን እንደ ሊጥ አሹት። ግን ፍጠኑ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል። ቱቦውን ቀድማችሁ በብርጭቆ ወረቀት ካልፈገፈጋችሁት ቆይቶ እንደ ቅርፊት ይነሳል።

የኔ ምርጫ ግን በሁለት ፋሼታ (የብረት ማሰሪያ ቀለበት) የሚታሰረው የጎማ ማያያዣ ነው። የተበላሸውን ቆርጣችሁ ታወጣላችሁ፣ ጎማውን ታለብሳላችሁ፣ በካቻቪቴ ታጠብቃላችሁ። ብረትን ከፕላስቲክም ያገናኛል። ለመግዛት ስትሄዱ የተቆረጠውን ቁራጭ ያዙ፤ የሚለካው የውጭ ስፋቱ ነው።

የብረት ቱቦ በጣት ሲጫኑት ከረገበ ግን ዝገት ከውስጥ በልቶታል። ፋሻም ኢፖክሲም አታባክኑ፣ ቀይሩት።

አንድ ነገር እንዳልረሳ፦ ሲፎኑን (ከመታጠቢያው ስር ያለውን ጠማማ ቱቦ) ፈታችሁ ባልዲ ላይ ያጠራቀማችሁትን ውሃ እዚያው መታጠቢያ ውስጥ አትድፉ። እግሬ ምስክር ነው።