ባቴ ይርገበገባል፣ ፍርሃቱ እንቅልፍ ነሳኝ

የባሕር ዳር ልጆች፣ እባካችሁ ምከሩኝ። ጋደም ስል ባቴ በራሱ ይርገበገባል። ሱሪዬን ሰብስቤ ሳየው ቆዳው ስር እርግብ እርግብ ሲል ይታያል። አንዳንዴ የዐይኔ ቆብም እንደዚያው ይሆናል።

ስለ ኤኤልኤስ (ጡንቻን የሚያዙ ነርቮችን እያጠፋ ሰውነትን ስለሚያሽመደምደው በሽታ) ካነበብኩ ወዲህ ልቤ አላረፈም። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ስቴፈን ሆኪንግ ይህ በሽታ እንዳለበት በ21 ዓመቱ ነው የተነገረው፤ እኔም ወጣት ነኝ።

ሐኪሙ በተረከዜና በጣቶቼ አስረመደኝ፣ ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገ። «ድክመት የለም፣ ጡንቻህም አልሟሸሸም። ቡና ቀንስ፣ በደንብ ተኛ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከጣና ዳር እስከ ዓባይ ድልድይ ስሄድ እግሬ አይዝልም። ሲመሽ ግን ፍርሃቱ ይመለሳል።

እንዲህ ሆኖ የተሻለው አለ? ኢኤምጂ የሚባለውን የነርቭና የጡንቻ ምርመራ ልጠይቅ ወይስ ይቅርብኝ? ስለ ጭንቀቱስ እዚህ ከተማ ውስጥ ረጋ ብሎ የሚያዳምጥ ባለሙያ የምታውቁ ጠቁሙኝ።