ባሕር አልባዋ «ባሕር ዳር»፦ ፕሪሞርስካ ወደብ ነበራት ተብሎ ይጻፍ?

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እሁድ ማታ ድምፅ ስለምንሰጥ ጉዳዩን ላላያችሁት ባጭሩ ላስቀምጥ። እያንዳንዳችን አንድ አንድ የፈጠራ አገር በምንጽፍበት በጋራ ዓለማችን ካርታ ላይ፣ በሰሜን ምሥራቅ ባዶ የቀረውን ደጋ ሊስቶፓድ ወስዳዋለች። ያቀረበችው ስላቫዊ (እንደ ሩሲያ፣ ፖላንድና ሰርቢያ ሕዝቦች ያለ) መልክ ያላት፣ ባሕር የማይነካት ሪፐብሊክ ናት። ስሟ ፕሪሞርስካ፣ ዋና ከተማዋ ቤሎብሮድ፣ ሕዝቧ 4 ሚሊዮን፣ ኑሮዋ ከብት፣ ደንና የባቡር ፉርጎ ፋብሪካ። እስከዚህ የተቃወመ የለም። ያጣላን ሦስተኛው አንቀጽ ነው፦ «ፕሪሞርስካ ከ70 ዓመት በፊት እስከ ደቡቡ ባሕር የሚደርስ ቀጭን መሬትና አንድ ወደብ ነበራት፤ በጦርነት ተነጠቀች።» ያ መሬት ዛሬ የባለወደቡ አገር የሳልካራ ነው፤ እሱም አልፈቀደም። ደንባችን «የሌላውን አገር ታሪክ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አትጻፍ» ይላል። እኛ ሳንገባ ስለነበረው ዘመን ግን ምንም አይልም። በሉ ተከራከሩ፤ የራሳችንን ሰፈር ፖለቲካ በር ላይ አውልቃችሁ ግቡ።

ባለወደቡ፦
ሳልካራ ላይ ሦስት ዓመት ለፍቻለሁ። የዓሣ አጥማጆቹን ሰፈር፣ የጉምሩኩን ግቢ፣ ጀልባ የሚጠገንበትን ጥግ ሳይቀር በእጄ ነው የሣልኩት። ዛሬ አንዲት አዲስ ጎረቤት መጥታ «እዚህ ቤት እኔ ነበርኩ» ትላለች። «ነበረኝ» ያለ ሰው «መልስልኝ» ለማለት ምን ይቀረዋል?

ቃል ብቻ ነው አትበሉኝ። ዩጎዝላቪያ ስትፈርስ መቄዶንያ በስሟ ምክንያት ከግሪክ ጋር የገባችበትን ጣጣ አስታውሱ። ግሪክም በሰሜኗ መቄዶንያ የሚባል ክፍል አላት፤ «ስሙን የያዘ ነገ መሬቱን ይጠይቃል» ብላ በየካቲት 1994 ድንበሯን ዘጋችባት (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ባሕር ለሌላት መቄዶንያ ዋናው መውጫ ተሰሎንቄ ወደብ ነበር። እገዳው ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ቆየ። የስሙ ነገር እልባት ያገኘው በ2018 ስምምነት ነው፤ በማግስቱ ዓመት «ሰሜን» የምትል ቃል ተጨመረችበት። እኔም ግሪክን ሆኛለሁ፤ ስሙም አንቀጹም ይውጣ።

ሊስቶፓድ፦
ጦር ይዤ አልመጣሁም፣ ወንድሜ። ሠራዊቴን እየው፣ አንድ ብርጌድና አንድ የሙዚቃ ጓድ ነው። እኔ የፈለግኩት ቁጭቱን ነው። አያቶች ምድጃ ዳር ስለ ወደቡ ሲተርኩ፣ ጨው የበላው የመርከብ ገመድ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ባሕር አይተው የማያውቁ ልጆች የባሕር ኃይል መለዮ አድርገው ሰልፍ ሲወጡ። ይኼ ሁሉ ከቀረ ፕሪሞርስካ ምን ትሆናለች? በአራት ጎረቤት የተከበበች ነጠብጣብ።

ሰንጠረዥ፦
እኔ ከሊስቶፓድ ጋር ነኝ። ባለወደቡ ሲገባ ያ የባሕር ዳርቻ ባዶ ነጭ ወረቀት ነበር፤ ከሱ በፊት ማን ይኑርበት ማን አልጠየቀም። ሁላችንም የያዝነው አገር ከሰማይ የወረደ ይመስል «ከጥንት ጀምሮ የኛ» እያልን ነው የጻፍነው። አንድ ሰው መጥቶ «ከጥንት» የሚለውን ቢነካው ምን አለበት?

ፊደል ቆጣሪ፦
ከአንቀጹ በፊት ቋንቋው ይጠየቅ። ሊስቶፓድ፣ «ፕሪሞርስካ»ን ከየት አመጣሽው? በስላቭ ቋንቋዎች «ሞሬ» ባሕር ነው፣ «ፕሪ» አጠገብ። ስሎቬኒያ ውስጥ በዚሁ ስም የሚጠራ አካባቢ አለ፤ አድሪያቲክን የሚነካው የአገሪቱ ጥግ ነው። በአጭሩ ባሕር የሌላትን አገር «ባሕር ዳር» ብለሻታል።

ሊስቶፓድ፦
ኧረ በማርያም! ድምፁ ስለጣመኝ ነው እንጂ ትርጉሙን መች አየሁት።

የጣና ልጅ፦
ታዲያ ምን ችግር አለው? እኛስ ባሕር ዳር አለን አይደል? ሐይቅ ዳር ተቀምጠን ባሕር ዳር ስንል የደነገጠ ጎረቤት አላየሁም።

ፊደል ቆጣሪ፦
እንዲያውም ይኼ ያድነናል። በታትራ ተራሮች አካባቢ፣ በፖላንድም በስሎቫኪያም በኩል፣ ተራራ መሐል ያሉ ትንንሽ ሐይቆችን «የባሕር ዐይን» ይሏቸዋል፤ ከሥር በዋሻ ከባሕሩ ጋር ይገናኛሉ የሚል አፈ ታሪክ አለ። ቤሎብሮድ እንዲህ ያለ ሐይቅ ዳር ትቀመጥ፣ ስሙም ከሐይቁ መጣ ይባል።

ሌላውን ግን አልምርሽም። ፕሬዚዳንትሽ ወንድ ሆኖ ስሙ በ«ኦቫ» አልቋል፤ በቼክ ባልየው ኖቫክ ከሆነ ኖቫኮቫ የምትባለው ሚስትየዋ ናት። አንዱ ገበሬሽ እንደ ሩሲያ በአባቱ ስም «ኢቫኖቪች» ተብሎ ይጠራል፣ አጥሩን የሚጋራው ጎረቤቱ ይኼን አያውቅም። ከየጓሮው አንዳንድ ጭልፋ ቀድተሽ አንድ ድስት ውስጥ ገለበጥሽው። ስላቭ እኮ አንድ አገር አይደለም። ሰርቦች በብዛት ኦርቶዶክስ ናቸው፣ በሲሪሊክም በላቲንም ይጽፋሉ፤ ስሎቫኮች ካቶሊኩ ይበዛል፣ ፊደላቸው ላቲን ነው። በቤሎብሮድ ውስጥ «ቤሎ» ነጭ ነው፤ «ብሮድ» ብቻውን እንኳ በቼክ ከተማ ስሞች ውስጥ የወንዝ መሻገሪያ ነው፣ ለሰርብ መርከብ። የራስሽ ስም «ቅጠል ርግፍ» ማለት ሆኖ በፕራግ ኖቬምበር ነው፣ በዛግሬብ ኦክቶበር። አንዱን ምረጪ።

ሊስቶፓድ፦
ወደ ሰርቦቹ ጠጋ ልበል እንግዲህ፤ ነጯን መርከብ ወድጃታለሁ። የፕሬዚዳንቱን ስም ዛሬ ማታ አስተካክላለሁ። አንቀጹ ግን እዚያው አለ።

የጣና ልጅ፦
ቆይ፣ ነገሩ ሲጀመር ለምን ስላቭ? ባሕር አልባ አገር ለመፍጠር እስከዚያ ድረስ መሄድ ምን አስፈለገ? መስታወት አጣን?

አወያይ፦
በር ላይ ብያለሁ።

የዳኑቡ ሽማግሌ፦
ልጆች፣ እኔ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ዩጎዝላቪያ ነው የተማርኩት፣ ኖቪ ሳድ፣ ዳኑብ ወንዝ ዳር። ለምን ስላቭ ለሚለው አንድ ነገር ልበል። የአሰብን ወደብ የገነቡት እነማን ይመስሏችኋል? ዩጎዝላቮች ናቸው፣ ጃንሆይና የዩጎዝላቪያው መሪ ቲቶ በተወዳጁበት ዘመን። ዛሬ አሰብ የኤርትራ ነው። ዩጎዝላቪያም የለችም፤ ዋና ከተማዋን ቤልግሬድን የያዘችው ሰርቢያ ባሕር የላትም። ወደብ ሠሪውም አሠሪውም ደጋ ላይ ቀሩ። አወያይ፣ ይኼ ትዝብት ነው፣ ፖለቲካ እንዳትለው።

ወደ ጉዳዩ ስመለስ። ከቤልግሬድ ባር ወደምትባለው ወደብ የሚወርድ ባቡር አለ፤ 476 ኪሎ ሜትር፣ 254 ዋሻ። በ1976 ነው የተከፈተው፣ ከሃያ ዓመት በላይ ተለፍቶበት። በክረምቱ ዕረፍት ሦስት ሆነን የማታውን ተሳፈርን። ዋሻ ነው፣ ትንሽ ሰማይ፣ እንደገና ዋሻ። ሲነጋጋ ማላ ርየካ የሚሉት ድልድይ ላይ ደረስን፤ ከሥሩ ያለው ገደል 198 ሜትር ነው። አብሮን የነበረ የወሎ ልጅ ዐይኑን ጨፍኖ «ተሻገርን ወይ?» እያለ ይጠይቃል፣ እኛ ተሻግረንም «ገና ነን» እንለዋለን። ባር ስንደርስ የሸራ ጫማዬን አንጠልጥዬ ውኃው ውስጥ ቆምኩ። ያ ሁሉ ተራራ የተፈለፈለው ሰርቢያን ከጨው ውኃ ለማገናኘት ነበር። ከዚያ በግንቦት 2006 ባር ያለችበት ሞንቴኔግሮ ከሰርቢያ ለመለየት ሕዝበ ውሳኔ አደረገች። ለመለየት 55 በመቶ ያስፈልጋል ተባለ፤ 55.5 ወጣ። አንድ ጥይት አልተተኮሰም። ባቡሩ በማግስቱም እዚያው ሐዲድ ላይ ይሄዳል፣ መጨረሻው ጣቢያ ግን ሌላ አገር ሆነ።

ልጄ ሊስቶፓድ፣ ቁጭት ካማረሽ የሚወቀስ ጠላት የሌለበትን ቁጭት ሞክሪው። «በጦርነት ተነጠቀች» የሚለው ይውጣና «ድምፅ ተሰጥቶ ተለያዩ» ይግባ።

ባለወደቡ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ሳልካራ የማንም ክፍለ ሀገር ሆና አታውቅም። በሰላም ተለያዩ ማለትም ቀድሞ አንድ ነበሩ ማለት ነው። በጨዋነት የተጻፈ «ነበረኝ» ያው «ነበረኝ» ነው።

ትራንዚተር፦
ሁላችሁም ወደ ኋላ ነው የምታዩት። እኔ በጅቡቲ መስመር ዕቃ ሳስለቅቅ 14 ዓመቴ ነው፤ ባሕር ማጣት እኔ ጋ የሚደርሰው በወረቀት ነው። አንድ ጊዜ የደንበኛዬ ስም የመጫኛ ሰነዱ ላይ አንዲት ፊደል ጎድላ ኮንቴይነሩ ወደብ ላይ 11 ቀን ተኛ። ዕቃው የሕፃን ዳይፐር ነበር። ዲመሬጁ (ኮንቴይነሩ ለቆየበት የሚከፈለው ቅጣት) በዶላር ይቆጥራል፣ ደንበኛው በአማርኛ ይሰድበኛል፣ እኔ የጎደለችዋን ፊደል የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ፍለጋ ከመስኮት መስኮት እዞራለሁ። በመግለጫሽ ውስጥ ይኼን የመሰለ አንድ ሰው ባገኝ ኖሮ አገሪቱን ዐይኔን ሳላሽ አምንልሽ ነበር።

ቼኮችን እዩ። የባሕር ዳርቻ የላቸውም፣ ስለዚያም ሲያለቅሱ አልሰማሁም። (ሩቅ እንዳይመስሏችሁ፤ እኛ ብሬን የምንለው መትረየስ ስሙ ግማሹ ብርኖ ከምትባለው ከተማቸው ነው፣ ግማሹ ከእንግሊዙ ኤንፊልድ።) ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቬርሳይ ስምምነት ጀርመንን ሀምቡርግና ሽቴቲን ወደቦች ላይ ለቼኮስሎቫኪያ ለ99 ዓመት ቦታ እንድታከራይ አስገደዳት። የሀምቡርጉ ኪራይ በ1929 ጀምሮ በ2028 ያልቃል። ወደ 3 ሄክታር ቢሆን ነው፣ አንድ ደህና የእህል መጋዘን ግቢ። ጭነቱ በኤልበ ወንዝ ይመላለስ ነበር። በሶሻሊስቱ ዘመን እንዲያውም የራሳቸው የውቅያኖስ መርከቦች ነበሯቸው፣ የመርከቡ ኋላ ላይ እንደ መነሻ ወደብ «ፕራግ» ተብሎ ተጽፎ!

የስሎቫኪያንና የዩክሬንን ድንበር ደግሞ እዩ፤ በአንዱ በኩል ሐዲዱ 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፣ በሌላው 1,520። ከምሥራቅ የመጣ ጭነት ቺየርና ናድ ቲሶው የምትባል ጣቢያ ላይ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ ይገለበጣል፤ ሰውም በዚያ እንጀራ ይበላል። ቤላሩስ የፖታሽ ማዳበሪያዋን በሊትዌኒያው ክላይፔዳ ወደብ ታወጣ ነበር፤ ማዕቀብ መጥቶ በ2022 መጀመሪያ ሊትዌኒያ ሐዲዱን ስትዘጋባት ወደ ሩሲያ ወደቦች ዞረች። ሊስቶፓድ ፉርጎ ፋብሪካ አለኝ ትላለች፤ ፉርጎው ማን አገር ድረስ እንደሚሄድና ለማን ምን እንደሚከፍል አንድ መስመር አልጻፈችም።

ሦስተኛውን አንቀጽ ቀዳችሁ ጣሉትና ውል ጻፉ። አከራይ፣ ተከራይ፣ ዋጋ፣ የማለቂያ ቀን። ሊያልቅ 5 ዓመት የቀረው ይሁን።

ሊስቶፓድ፦
«ሊያልቅ 5 ዓመት የቀረው።» ይኼን እኔ ለምን አላሰብኩትም? ግን አያቶቼስ? ወደብ ያልነበራቸው አያቶች ምን ይተርካሉ?

ትራንዚተር፦
በኪራዩ ግቢ ውስጥ የሠሩ አያቶች ይኑሩሻ። ክሬን ነጂ፣ መጋዘን ጠባቂ፣ ሰነድ ጸሐፊ። ሰው አገር ባሕር ዳር ሠላሳ ዓመት ደሞዝ የበላ ሰው ወሬ አያልቅበትም። ገመዱንም ያኔ ነው ሰርቆ ያመጣው።

ሰንጠረዥ፦
ኪራይም ቢሆን ቀኑ ሲያልቅ «ነበረኝ» መሆኑ አይቀርም። ችግሩን 5 ዓመት ገፋችሁት እንጂ።

ትራንዚተር፦
የኔም ሥራ እኮ እሱ ነው።

ባለወደቡ፦
ኪራይ ከሆነ እሰማለሁ። ውሉ ላይ አከራይ ሳልካራ መሆኗ በመጀመሪያው መስመር ይጻፍ፤ ስሙም ከሐይቁ የመጣ መሆኑ መግለጫው ላይ ይግባ። ግን በምን ሊከፍሉኝ ነው? ፉርጎ የራሴ አለኝ።

የዳኑቡ ሽማግሌ፦
በአሳማ። አትሳቁ። በ1906 ኦስትሪያ-ሃንጋሪ የሰርቢያን አሳማ አላስገባም ብላ ድንበሯን ዘጋች፤ «የአሳማ ጦርነት» ይባላል። የሰርቢያ ንግድ በአብዛኛው በሷ በኩል ስለነበር ቶሎ የሚንበረከኩ መስሏት ነበር። እነሱ ቄራ አስፋፍተው፣ ሥጋውን እያሸጉ፣ ያኔ የኦቶማን ከተማ በነበረችው በተሰሎንቄ በኩል ሌላ ገበያ አገኙለት። ለደጋ አገር ደህና ሸቀጥ ነው።

ባለወደቡ፦
ጋሼ፣ የሳልካራ ሕዝብ እኮ ሙስሊም ነው። መግለጫዬ ላይ ሁለተኛው መስመር።

ሊስቶፓድ፦
የፕሪም አረቄስ? ቤሎብሮድ የምትታወቀው በሱ ነው።

ባለወደቡ፦
አንቺ ልጅ!

አወያይ፦
ሦስተኛው አንቀጽ በኪራይ ውል ይተካ የሚሉ እስካሁን 9፣ እንዳለ ይቆይ የሚሉ 4። ሁለታችሁ ዋጋ ካልተስማማችሁ ግን እሁድ ለድምፅ አላቀርበውም።

ሊስቶፓድ፦
እሺ፣ የደረቀ ፕሪም። በእንጨት ሣጥን ታሽጎ፣ በየዓመቱ።

ባለወደቡ፦
ስንት ቶን?