«ግሊንትድ» እና «ግሊሰንድ»፦ ሁለቱም «አንጸባረቀ» ናቸው?

ዘጣርማበር፦ ወገኖች፣ ለተማሪ የሚተረጎም አንድ የእንግሊዝኛ አንቀጽ «ሂዝ አይስ ግሊንትድ» ይልና ሁለት መስመር ወረድ ብሎ «ኸር አይስ ግሊሰንድ» ይላል። መዝገበ ቃላቱ ሁለቱንም «አንጸባረቀ» ብሎ አለፋቸው። ልዩነታቸው ምንድን ነው? «ግሊምድ»ም አለበት፣ እሱንም ጨምሩልኝ።

የመንዟ፦ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ግሊንት የቅጽበት ነው፤ ማጭድ ፀሐይ ላይ ሲዞር ስለቱ አንዴ ብልጭ ብሎ እንደሚጠፋው። ለዓይን ሲነገር ብዙ ጊዜ ቁጣ ወይም ተንኮል ይታይበታል። ግሊሰን ግን እርጥበት ወይም ቅባት ይፈልጋል፦ ቅቤ የጠጣ ፀጉር፣ ላብ ያወዛው ግንባር። እዚህ ላይ «ዓይኗ እንባ አቀረረ» በለው። «አንጸባረቀ» ካልክ ልታለቅስ የደረሰችውን ሴት ደስተኛ ታደርጋታለህ።

ዘደብረ ብርሃን፦ ግሊተርን አትርሱ። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ የገብሱ ማሳ ጤዛ ካዘለ ግሊሰን ነው፤ ውርጭ ከወረደበት ግሊተር። ውርጭ ጥቃቅን በረዶ ስለሆነ እያንዳንዱ ቅንጣት ብርሃኑን በየራሱ አቅጣጫ ይመልሳል። አንድ እርምጃ ስትራመድ የበራው ይጠፋል፣ ያልበራው ይበራል። ብልጭልጭ የምንለው ይህንኑ ነው። የጤዛው ወዝ ግን ረጋ ያለ ነው።

ዘአንኮበር፦ ሁሉም በ«ግል» መጀመራቸውን ልብ አላላችሁም? ግሊመር፣ ግሊንት፣ ግሎው፣ ግሌር... ሥሩ የኛው «ጋለ» ነው እላለሁ። የጋለ ብረት ግሎው ያደርግ የለም እንዴ?

የኔታ ዘሚዳ፦ ወንድሜ፣ ፊደሉ አይፈቅድልህም። «ጋ» ራብዕ የሆነው በከንቱ አይደለም። ሰሐበ «ሳበ»፣ ለአከ «ላከ»፣ ሰዐመ «ሳመ» ሆኗል፤ ፍሕምም «ፍም»። እንዲህ ያለ ግስ አብዛኛውን ጊዜ መካከሉ ላይ የጉሮሮ ፊደል ውጧል። እንዲያ ከሆነ «ገ» እና «ለ» ድሮ ጎን ለጎን አልቆሙም። የእንግሊዝኛዎቹ ዘመድ «ጎልድ» እና «የሎው» ነው፣ ወርቅና ቢጫ።

ዘአንኮበር፦ የኔታ፣ ሥሩን ተውኩት፤ ድምፁን ግን አልተውም። እንግሊዛዊው የቋንቋ ምሁር ጄ. አር. ፈርዝ በ1930 እ.ኤ.አ. እንዲህ በብዙ ቃል ውስጥ እየተደጋገመ ተቀራራቢ ትርጉም ለሚያሰማ ድምፅ «ፎነስቲም» የሚል ስም አውጥቶለታል። የኛም በራ፣ ብርሃን፣ ብልጭ፣ ቦግ፣ መብረቅ አንድ ድምፅ ያሰማሉ።

የኔታ ዘሚዳ፦ በሬና በርበሬስ? በእንግሊዝኛውም «ግሉ» ሙጫ ነው፣ ከላቲን የመጣ፤ «ግላቭ» ጓንት ነው፤ አንዱም አይበራም። «ግላመር»ማ «ግራመር» ከሚለው፣ ከሰዋስው፣ በስኮትላንዳውያን አፍ ተለውጦ የወጣ ነው። የተማረ ሰው ምትሃት ያውቃል ይባል ስለነበር ትርጉሙ መጀመሪያ «አፍዝ አደንግዝ» ነበር። «አስማት»ን አስቡት፤ የ«ስም» ብዙ ቁጥር ሆኖ ሳለ ዛሬ ምን እንደሚባልበት።

የመንዟ፦ ይህ ድንቅ ነው የኔታ! ግን «በራ» እና «መብረቅ» ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው በርሀ፣ ሁለተኛው በረቀ። ደብረ ብርሃን ከበርሀ ነው።

ዘደብረ ብርሃን፦ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከሰማይ ታየ የተባለው ብርሃን እኮ ቦግ ብሎ የጠፋ ሳይሆን የቆየ ነው ይባላል። እንደ መብረቅ ቢሆን ስሙ ሌላ ይሆን ነበር።

ዘጣርማበር፦ «እንባ አቀረረ»ን ወስጃለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «ግሊምድ»ስ?

ዘአንኮበር፦ የኔታ፣ በርሀና በረቀ በመጨረሻ ፊደል ብቻ ከተለያዩ «በር» የጋራቸው አይሆንም?